አንድ ግቢ፣ አምስት ዓይነት ወረቀት

በላስ ቬጋስ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው መከታው ምንድን ነው?

ሊነጋጋ ሲል በሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚያልፈው 109 ቁጥር አውቶቡስ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይዞ ይጓዛል። አንዱ ከካዚኖ የሌሊት ሺፍት የወጣ ነው፤ የጫማውን ክር ፈታ አድርጎ፣ ራሱን ከመስኮቱ አስደግፎ ያንቀላፋል። ሌላው ገና ፊቱን ታጥቦ የወጣ ነው፤ የቁልፍ ዘለላ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የዩኒቨርሲቲውን በሮች ሊከፍት፣ ወለሉን ሊወለውል፣ ማቀዝቀዣውን ሊፈትሽ ይሄዳል። ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ጨዋታው ከሰላምታ ቀጥሎ ወደ ሥራ መዞሩ አይቀርም። የካዚኖው ሰው ስለ ጉርሻና ስለ ዩኒየን ያወራል። ለዩኒቨርሲቲው ሰው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃዋለች፦ «የእኔ የመንግሥት ነው።»

በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ነገር ታጭቋል። ቋሚነት፣ ጡረታ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እንዲህ በቀላሉ አያባርሩኝም» የሚል እምነት። እምነቱ መሠረት የለውም አይባልም። ችግሩ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሕንፃ፣ አንዳንዴም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እኩል የማይጋሩት መሆኑ ነው።

የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላስ ቬጋስ ግቢ በ1957 (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በከተማዋ ዳርቻ፣ በረሃው ላይ በቆመች አንዲት ሕንፃ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከተማዋ ውጣዋለች፤ የአውሮፕላኖቹ ድምፅ በላዩ ያልፋል፣ የካዚኖዎቹ ጎዳና የስትሪፕ መብራትም ከቅርብ ይታያል። በኮንሰርት አዳራሹና በቲያትር ቤቱ መካከል ከ1981 ጀምሮ አንድ ግዙፍ ጥቁር የብረት ባትሪ ቆሟል፤ አፉን ወደ መሬት የደፋ የእጅ ባትሪ ቅርጽ ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው ከሥሩ ብቻ ነው። በዚህ ግቢ የሠራተኛ መብትም እንደዚሁ ነው። ያበራል፤ ግን የሚያበራው በትክክለኛው ቦታ ለቆመ ሰው ነው።

«መንግሥት» የሚባለው ማን ነው?

ዩኒቨርሲቲው ለብቻው የቆመ ተቋም አይደለም። የኔቫዳ የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት በሚባል አንድ ጥላ ሥር ስምንት ተቋማት ይተዳደራሉ። የላስ ቬጋስና የሬኖ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በሄንደርሰን ያለው ኔቫዳ ስቴት፣ አራት ኮሌጆችና አንድ የበረሃ ምርምር ተቋም ናቸው። ብዙ ሐበሻ እንግሊዝኛውን ያሻሻለበትና ነርሲንግ የጀመረበት የሳውዘርን ኔቫዳ ኮሌጅም ከነዚህ አንዱ ነው።

ከሁሉም በላይ 13 አባላት ያሉት የሬጀንቶች ቦርድ ተቀምጧል። ቦርዱን የሚሾመው አገረ ገዢው አይደለም፤ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጠዋል። እንግዲህ በምርጫ ቀን ወረቀቱ ላይ የማያውቃቸውን የሬጀንት ዕጩዎች ስም ዘልሎ የሚያልፍ የኛ ሰው፣ የገዛ አሠሪውን ዘልሎ ማለፉን ልብ ሳይል ይቀራል።

አምስቱ ወረቀቶች

በግቢው ውስጥ ሠራተኛን የሚለየው የደንብ ልብሱ አይደለም፤ የተቀጠረበት ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው «ክላሲፋይድ» ይባላል። የጽዳት፣ የጥገና፣ የአትክልት፣ የጽሕፈትና የመሳሰሉት ሥራዎች በብዛት በዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚተዳደሩት በግዛቱ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። የሙከራ ጊዜያቸው ከስድስት ወር ያላነሰ፣ ከዓመት ያልበለጠ ነው። ያንን ካለፉ በኋላ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ሥርዓት ከሥራ ማሰናበት አይቻልም። በሙከራ ላይ ያለ ሰው ግን ይህ አጥር የለውም። ስለዚህ የግቢው ነባር ሠራተኞች ለአዲስ ገቢ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዓመቱን ቁጠር።

ሁለተኛው የፋኩልቲ ውል ነው። ፕሮፌሰሮች ብቻ ሳይሆኑ ብዙ የቢሮ ባለሙያዎችና ኃላፊዎችም እዚህ ይመደባሉ። የእነሱ መተዳደሪያ የሬጀንቶቹ ኮድ ነው። ቴኑር የሚባለውን ቋሚነት ያገኘ ፕሮፌሰር በጽኑ አጥር ውስጥ ነው፤ ቴኑር የሌለው አስተዳዳሪ ደግሞ ዋስትናው ውሉ ላይ የሰፈረውና ኮዱ የሚያዘው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው በቅጥር ደብዳቤ ለአንድ ሴሚስተር የሚያስተምረው የትርፍ ሰዓት መምህር ነው። ደብዳቤው ሲያልቅ ሥራውም አለቀ፤ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የገባለት ቃል የለም። አራተኛው የምርምርና የማስተማር ረዳት ሆኖ እየተማረ የሚሠራው ተማሪ ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ ሥራውና ቪዛው በአንድ ክር የታሰሩ ናቸው።

አምስተኛው ደግሞ በግቢው ውስጥ እየሠራ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ነው። ኮንትራት በወሰደ የግል ድርጅት ተቀጥሮ ምግብ የሚያበስል ወይም ዕቃ የሚያመላልስ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የመደራጀት መብትን ያወጀው የ1935 የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ያቅፋል፤ የግዛት መንግሥት ሠራተኞችን ግን በግልጽ ከውጭ ትቷቸዋል። ስለዚህ ሳንድዊች የሚያዘጋጀው ሰው በፌዴራል ሕግ ዩኒየን የማቋቋም መብት አለው፤ ሳንድዊቹን የሚገዛው ፕሮፌሰር በዚያ ሕግ አይታወቅም።

ሳንድዊቹን የሚያዘጋጀው ሰው በፌዴራል ሕግ የመደራጀት መብት አለው፤ የሚገዛው ፕሮፌሰር በዚያ ሕግ አይታወቅም።

ንጉሥ ሲከሰስ

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። የአሜሪካም ሕግ ከዚህ የራቀ የሚመስለውን ያህል አልራቀም። ግዛቶች ያለ ፈቃዳቸው በፌዴራል ፍርድ ቤት በግለሰብ ለካሣ እንዳይከሰሱ የሚከላከል ሕገ መንግሥታዊ ከለላ አላቸው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲም የግዛቱ ክንፍ ነውና በዚያው ጥላ ይጠለላል።

ጥላው በአንድ በኩል የተቀደደው እዚሁ ኔቫዳ ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የግዛቱ የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍል ባልደረባ የነበረ ሰው፣ በመኪና አደጋ የተጎዳች ሚስቱን ለማስታመም ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱ የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ ደመወዝ የለውም፣ ሥራው ግን ይጠበቃል። ቀኑ አልቋል አላለቀም በሚል ክርክር ተነሣ፤ ሰውየው ተባረረ። ሲከስስ ግዛቱ «እኔ አልከሰስም» አለ። በ2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 3 ለሠራተኛው ፈረደ።

ድሉ ሙሉ አልነበረም። በ2012 ያው ፍርድ ቤት ከሜሪላንድ የመጣ ሌላ ጉዳይ አይቶ፣ በዚያው ሕግ ሠራተኛው ለራሱ ሕመም በሚወስደው ፈቃድ ግዛቱን ለካሣ መክሰስ አይችልም አለ።

ሚስትን ሲያስታምሙ ንጉሥ ይከሰሳል፤ ራስ ሲታመሙ ግን አይከሰስም።

ሌሎች ሁለት ፍርዶች ደግሞ የወረቀቱን ነገር ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። አንድ የዊስኮንሲን የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ መምህር የአንድ ዓመት ውሉ ሲያበቃ ምክንያት ሳይነገረው ሳይታደስለት ቀረ። ፍርድ ቤቱ በ1972 ውሉ ለዓመት ብቻ ስለነበር ከዚያ በኋላ የተወሰደበት ነገር የለም፤ ሊሰሙትም አይገደዱም አለ። በክሊቭላንድ ትምህርት ቤቶች የሚሠራ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ ቅጹ ላይ ውሸት ሞልተሃል ተብሎ ተባረረ። እሱ ግን በሲቪል ሰርቪስ ሕግ የቆመ ቋሚ ሠራተኛ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1985 እንዲህ ያለ ሰው ከመሰናበቱ በፊት ክሱ ሊነገረውና መልሱ ሊሰማ ይገባል ሲል ወሰነ። ሀሁ ያስቆጠረው ምሁር ተሸነፈ፣ በር የሚጠብቀው ሰው ረታ። የለያቸው ዲግሪ አልነበረም፤ ወረቀት ነው።

ዩኒየን ከተማ፣ ዩኒየን ግቢ

ላስ ቬጋስ በአሜሪካ ከዩኒየን ጠንካራ ከተሞች አንዷ ናት። 226 በሚለው ቁጥሩ የሚታወቀው የኩሊነሪ ዩኒየን የሆቴሎቹን አልጋ አንጣፊዎች፣ አስተናጋጆችና ወጥ ቤቶች ይወክላል፤ ከአባላቱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። በ1991 የፍሮንቲየር ሆቴል ሠራተኞች የጀመሩት አድማ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በ1998 እስኪያበቃ ድረስ፣ ሥራ ካቆሙት ወደ 550 ሰዎች አንድም ወደ ኋላ አልተመለሰም ይባልለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ ዓለም ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣ ሰው ግን ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። በኔቫዳ የመንግሥት ሠራተኛ አድማ መምታት በሕግ የተከለከለ ነው። የከተማና የካውንቲ ሠራተኞች ከ1969 ጀምሮ በኅብረት ሲደራደሩ፣ የግዛቱ ሠራተኞች ግን እስከ 2019 ድረስ ቆመው ይመለከቱ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ ክላሲፋይድ ሠራተኞች የኅብረት ስምምነት የመደራደር መብት አገኙ፤ የግዛት ሠራተኞችን የሚወክለው አፍስሚ ሎካል 4041 የተባለው ዩኒየን ብዙዎቹን ይዟል። አባል መሆን ግዴታ አይደለም፤ ኔቫዳ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የዩኒየን መዋጮን የሥራ ቅድመ ሁኔታ ማድረግን የከለከለች ግዛት ናት።

መምህራኑ በዚያ ሕግ አልተካተቱም። የሚደራደሩት ራሳቸው ሬጀንቶቹ ባወጡት ደንብ ነው፤ ማለትም ከአሠሪው ጋር የሚካሄደውን ጨዋታ ሕግ የሚጽፈው አሠሪው ነው። የሳውዘርን ኔቫዳ ኮሌጅ መምህራን በዚያ ደንብ በ2016 ለኅብረት ድርድር ድምፅ ሰጥተዋል። የመምህራኑን መብት በግዛት ሕግ ለማጽናት የቀረበ ረቂቅ በ2023 ምክር ቤቶቹን አልፎ ነበር፤ አገረ ገዢው ግን በድምፅ ሻሪ ሥልጣናቸው መለሱት። የአስተዳደር ሰዎች ክርክር አንድ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ፋብሪካ አይደለም፣ ሬጀንቶቹ በሕዝብ የተመረጡ ናቸው፣ ገንዘቡም የግብር ከፋዩ ነው። የመምህራኑ መልስም ቀላል ነው፦ ዳኛውና ተጋጣሚው አንድ ሰው ሊሆን አይችልም።

ሽምግልናው ሲራዘም ቀኑ ይቆጥራል

እኛ ስንጣላ የምንሄደው ወደ ክስ አይደለም። ሽማግሌ እንልካለን፣ ነገሩ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ አለቃን ማክበርም እንወዳለን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን ያደግን ነን። ዩኒቨርሲቲውም የሽማግሌ ቤት የሚመስል ነገር አለው፤ ኦምቡድስ ይባላል። ሚስጥር ይጠብቃል፣ መዝገብ አያደራጅም፣ ለማንም ወገን ጠበቃ አይቆምም። ለብዙ አለመግባባት ከሱ የተሻለ መድኃኒት የለም።

የሰው ኃይል ቢሮው ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያለው የሠራተኞች ግንኙነት ክፍል ያዳምጣል፣ ያስረዳል፣ አለቆችንም ያርማል። ሆኖም የተቋሙ እጅ እንጂ የሠራተኛው ጠበቃ አይደለም። የነገሩት ነገር በመዝገብ ይሰፍራል። ይህን ሳያውቁ የሆዳቸውን ዘርግፈው የተመለሱ ሰዎች «ለጓደኛዬ የነገርኩት መስሎኝ» ሲሉ ይደመጣሉ።

ዋናው ወጥመድ ግን ጊዜ ነው። ቋሚ ክላሲፋይድ ሠራተኛ ሲባረር፣ ሲታገድ ወይም ከደረጃው ዝቅ ሲደረግ ገለልተኛ ሰሚ እንዲያየው በጽሑፍ የሚጠይቅበት ጊዜ 10 የሥራ ቀን ነው። ቅሬታ ለማቅረብ ነገሩ ከተፈጸመ ጀምሮ 20 የሥራ ቀን አለው። የሥራ ደኅንነት ጉድለት በመጠቆሙ የተበቀሉት ሰው ለግዛቱ የሥራ ደኅንነት ቢሮ የሚያመለክትበት 30 ቀን ነው። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር መድልዎ ደረሰብኝ የሚል ደግሞ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ወይም ለኔቫዳ የእኩል መብቶች ኮሚሽን በ300 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሽማግሌ መላክ ከነዚህ ቀኖች አንዱንም አያስቆምም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ ነገሩን ማስመዝገብ ደግሞ ሰውን መድፈር አይደለም።

ሽማግሌ መላክ የሕጉን ቀን አያስቆምም።

የንግግር ዘዬም ከትውልድ አገር ጋር ይታያል። አነጋገሩ ሥራውን በእርግጥ የማያሰናክል ከሆነ፣ «እንግሊዝኛህ አይገባም» ተብሎ ዕድገት የተነፈገ ሰው ጉዳዩ ሕግ የሚያየው ነው።

ገና፣ ሐሩርና የተቆለፈ በር

ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የሐበሻ ሠራተኛ የሚያነሣው የቆየ ጥያቄ አለ፤ የፈረንጆቹ በዓል ካለፈ በኋላ የሚመጣው የኛ ገና እንዴት ይሁን? ቀድሞ አሠሪዎች ጥቂት ወጪ ካስከተለባቸው እምቢ የማለት ሰፊ በር ነበራቸው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ በሙሉ ድምፅ በሩን አጠበበው። አሠሪው እምቢ ለማለት ከፍ ያለ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት። ገና፣ ስቅለት፣ የጁምዓ ሶላትም በዚህ ሚዛን ይመዘናሉ። መጠየቅ ግን የሠራተኛው ድርሻ ነው፤ አለቃው ስንክሳር አያነብም።

ሐሩሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ጁላይ 2024 ላይ ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰበረች። ጣሪያ ላይ ማቀዝቀዣ ለሚጠግንና ሣር ለሚያጭድ ሰው ይህ የቴሌቪዥን ወሬ አይደለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኔቫዳ ከ10 ሰው በላይ ያላቸው አሠሪዎች የሐሩርን አደጋ እንዲገመግሙና እንዲከላከሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። የግዛቱ የሥራ ደኅንነት ቢሮ የመንግሥት አሠሪዎችንም ይቆጣጠራልና ዩኒቨርሲቲው ከዚህ አይወጣም።

ከሁሉ የከበደው ቀን ግን ዲሴምበር 6 ቀን 2023 ነበር። በቢም ሆል፣ የንግድ ትምህርት ቤቱ በሚገኝበት ሕንፃ፣ አንድ ታጣቂ ሦስት መምህራንን ገድሎ አንድ አቆሰለ፤ ራሱም በፖሊስ ተገደለ። ሰውየው በዩኒቨርሲቲው ለማስተማር አመልክቶ ያልተቀጠረ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግቢው ስለ ሥራ ጥበቃ ሲወራ ነገሩ በውል ወረቀት አያበቃም። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ የማስጠንቀቂያ መልእክት፣ ከሐዘን በኋላ ወደዚያው ቢሮ የመመለስ ጭንቀት ሁሉ የሠራተኛ መብት ጥያቄ ሆነዋል።

ከካዚኖ ለሚመጣ ሰው አንድ ሒሳብ

በኔቫዳ የመንግሥት መደበኛ ሠራተኛ ከደመወዙ የሶሻል ሴኩሪቲ አይቆረጥበትም፤ የሚቆረጠው ሜዲኬር ነው። ጡረታው በግዛቱ ፈንድ ወይም በባለሙያዎቹ የጡረታ ዕቅድ ነው። በግዛቱ ፈንድ መብቱ የሚጸናው ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ካዚኖ ሠርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚጠይቀው አሥር ዓመት አልሞላለትም። በአራተኛው ዓመት ዩኒቨርሲቲውንም ከለቀቀ ከሁለት ዛፍ ወድቆ ከአንዱም ፍሬ ሳይቀምስ ሊቀር ይችላል። የሁለቱንም ዓመት ለሞሉት ግን የምሥራች አለ፤ የመንግሥት ጡረተኞችን ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀንስ የነበረው ሕግ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል።

የኛው ግቢ

ይህን ሁሉ የሚያነብ የስድስት ኪሎ ሰው ትዝ የሚለው ነገር ይኖራል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ በደብዳቤ ተሰናበቱ፤ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። የዚያ ዘመን ምሁራን ዛሬም የሚያነሡት ጥያቄ የክሊቭላንዱ የጥበቃ ሠራተኛ ያሸነፈበት ጥያቄ ነው፦ ከደብዳቤው በፊት መልሳቸውን ማን ሰማ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ መብት ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ግን በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች አያካትትም። ስለዚህ ከስድስት ኪሎ እስከ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚያገናኝ አንድ እውነት አለ። «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለው ስም ብቻውን መከታ አይሆንም፤ መከታው ከስሙ ሥር የተጻፈው ነው።

ከመፈረም በፊት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ዘመድዎ በዩኒቨርሲቲው ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲደውልልዎ ደመወዙን ከመጠየቅዎ በፊት የወረቀቱን ስም ይጠይቁት። ክላሲፋይድ ነው? ፋኩልቲ ነው? የሴሚስተር ደብዳቤ ነው? ወይስ የኮንትራክተር? የሙከራ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን ካላንደሩ ላይ ያስምር። አለቃው በቃል የነገረውን በኢሜይል መልሶ ይጻፍለት። የማባረሪያ ደብዳቤ የደረሰው እንደሆነም ሽማግሌዎቹ ቡና እየጠጡ ይምከሩ፤ እሱ ግን ማመልከቻውን ያስገባ። በአሥራ አንደኛው የሥራ ቀን የሚመጣ ሽማግሌ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ያለፈውን ቀን አያስመልስም።